ከማሰሪያ አንቀጹ በፊት

በአማርኛ ዓረፍተ ነገር ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ይመጣል፡፡ አድማጭ እስከዚያች ቃል ድረስ ይታገሣል፤ ቃሏ ስትደርስ ሐሳቡ ይታሰራል፡፡ ግብም እንዲሁ ይመስለኛል፡፡ ኳሷ መረቡን ስትነካ የጨዋታው ሐሳብ ይታሰራል፣ ሕዝቡም ከመቀመጫው ይነሣል፡፡ እኔን የሚከነክነኝ ጭብጨባው ሁሉ ለማሰሪያ አንቀጹ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ነው፡፡

ሁለት ግቦችን ላንሣ፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1970 የተቆጠሩ ናቸው፡፡ ሜይ 10 ቀን ቦስተን ላይ ቦቢ ኦር በጭማሪው ሰዓት ገና በ40ኛው ሰከንድ አስቆጥሮ ለቡድኑ የስታንሊ ዋንጫን አስገኘ፡፡ ተጠልፎ አየር ላይ የተንሳፈፈበት ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ የበረዶ ሆኪ ምልክት ነው፡፡ ጁን 21 ቀን ደግሞ ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ካርሎስ አልቤርቶ በ86ኛው ደቂቃ የብራዚልን አራተኛ ግብ ጣሊያን ላይ አሳረፈ፡፡ ለእርሱ ያቀበለው ፔሌ ነበር፤ ኳሷን አረጋግቶ ወደ ቀኝ፣ ወደ ባዶው ሜዳ አንከባለላት፡፡ ለኦር ያቀበለው ዴሬክ ሳንደርሰን ነው፡፡

ልዩነቱ መዝገቡ ላይ ነው፡፡ በበረዶ ሆኪ ከአስቆጣሪው ጎን እስከ ሁለት አቀባዮች ይጻፋሉ፤ ለእያንዳንዳቸውም ልክ እንደ አስቆጣሪው አንድ ነጥብ ይያዝላቸዋል፡፡ በእግር ኳስ ግን አቀባይ የሚታወሰው አስቆጣሪዎች እኩል ሲሆኑ ነው፡፡ በ2010ሩ የዓለም ዋንጫ አራት ተጫዋቾች አምስት አምስት ግብ አስቆጥረው የወርቅ ጫማው ለቶማስ ሙለር የተሰጠው ባቀበላቸው ኳሶች ብዛት ነበር፡፡

ሆኪ ስለ ምን እንዲህ ቸር ሆነ? እንደ እኔ ግምት ምክንያቱ የግቡ ጥበት ነው፡፡ የእግር ኳስ ግብ 7.32 በ2.44 ሜትር ሲሆን የሆኪው 1.83 በ1.22 ብቻ ነው፤ በስፋት ስምንት እጥፍ ያንሳል፡፡ ያችኑ ጠባብ በር መከላከያ ልብስ የደረበ ግብ ጠባቂ ይሞላታል፡፡ የተጫዋቾቹ ዱላ ጫፉ እንደ ገና ዱላ የጎበጠ ነው፤ የሚመቱት ግን ሩር ሳይሆን ጠፍጣፋ የጎማ ቁራጭ ነው፡፡ አስቀድሞ ግብ ጠባቂውን ከቦታው የሚያናውጥ አቀባይ ከሌለ ብርቱ ምት ብዙም አይፈይድም፡፡ ስለዚህ ጨዋታው ዕዳውን ይናዘዛል፡፡

ዌይን ግሬትስኪ በአሜሪካና ካናዳው ሊግ 894 ግቦች አስቆጥሯል፡፡ ይህን ክብረ ወሰን አሌክሳንደር ኦቬችኪን በኤፕሪል 2025 ሰብሮታል፡፡ ለግብ ያቀበላቸውን 1,963 ኳሶች ግን የሚቀርባቸው የለም፡፡ ግሬትስኪ አንድም ግብ ባያስቆጥር ኖሮ እንኳ ባቀበለው ብቻ ከማንኛውም ተጫዋች የበለጠ ነጥብ ይኖረው ነበር፡፡

«የማራዶናስ?» የሚለኝ አይጠፋም፡፡ እውነት ነው፤ በ1986 እንግሊዝን እያታለለ ከገዛ ሜዳው ተነሥቶ ላስቆጠረው ግብ የኤክቶር ኤንሪኬ አጭር ቅብብል ያን ያህል አልረዳውም፡፡ ኤንሪኬ ራሱ በኋላ ቀልዶበታል፡፡ ሆኖም ለማይገባው አንድ ነጥብ መስጠት፣ ለሚገባቸው ብዙዎች ከመንፈግ ይሻላል እላለሁ፡፡

ነገሩ ለእኛም ቅርብ ነው፡፡ በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች፡፡ ያን ድል ስናወራ መንግሥቱ ወርቁን፣ ሉቺያኖና ኢታሎ ቫሳሎን እንጠራለን፤ ይገባቸዋልም፡፡ ኳሷን ያደረሰላቸው ማን እንደ ነበር ግን ሲነገር እምብዛም አይሰማም፡፡ ያን ቀን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ቁጥር ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ ነው፡፡ ውድ አንባብያን፣ በቤታችሁ እንዲህ ያለ ሽማግሌ ካለ ጠይቁትና ጻፉት፡፡ በግጥም ቤት የምትመታው የስንኟ የመጨረሻ ፊደል ናት፤ እዚያ ያደረሷት ግን ከፊቷ ያሉት ቃላት ናቸው፡፡