ሽቦ ጠምጥሞ ማሰር ጥገና አይደለም

ዛሬ ትንሽ እቆጣለሁ፣ ታገሱኝ። ጽሑፉም ረዘም ይላል።

ነገሩ ስለ ቡሎን ነው። የጭስ ማኒፎልዱን ከቴስታታው ጋር ስለሚያያይዙት ቡሎኖች፣ በተለይ ደግሞ የሚገቡበት የቴስታታ ጥርስ ሲያልቅ ስለምናደርገው ነገር። «ቡሎን ደግሞ ምን ያስቆጣል?» የሚለኝ ሰው ከአዳማ ወደ አሰላ በሚኒባስ ጋቢና ተሳፍሮ፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ኢተያ ሳይደርስ ራሱን እየወጋው የወረደ ሰው አይደለም።

በየጋራዡ ለዚህ በሽታ የሚታዘዘውን መድኃኒት ታውቁታላችሁ። አንዱ ከመብራት ገመድ የመዳብ ክር ይመዝና ቡሎኑ ላይ ጠምጥሞ በቁልፍ እያስገደደ ይከተዋል። ሌላው ኤፖክሲ ቀብቶ «ነገ ደርቆ ይጠብቃል» ይላል። ሦስተኛው ጭራሽ አይደክምም፤ «አምስቱ ይይዙታል» ብሎ ስድስተኛውን ቀዳዳ ባዶ ይተወዋል። አራተኛው ደግሞ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ «ቴስታታው ሞቷል፣ ይቀየር» ይላል። እኔን ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ አራተኛው ነው። የፊተኞቹ ሰነፎች ናቸው። ይሄኛው ግን ወይ ሥራውን አያውቅም፣ ወይ ኪስህን በደንብ ያውቃል።

መጀመሪያ ጥርሱ ለምን እንደሚያልቅ እንነጋገር። ዲኤክስም ሆነ ቪትዝ፣ ላዳም ብትሉ ቴስታታቸው አልሙኒየም ነው። ማኒፎልዱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጊዛ ነው። አልሙኒየም ሲሞቅ ከጊዛ እጥፍ ያህል ይለጠጣል፤ ማኒፎልዱ ግን ከቴስታታው በብዙ መቶ ዲግሪ ይበልጥ ይግላል። 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ማኒፎልድ በ500 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ለዚህ ነው ፋብሪካው የማኒፎልዱን ቀዳዳዎች ከቡሎኑ ሰፋ አድርጎ የሚሠራቸው፤ እንዲንሸራተት ነዋ! አንተ ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክተህ እስኪጮህ ካጠበቅከው መንሸራተቻ ነሳኸው ማለት ነው። ያኔ ወይ ማኒፎልዱ ይሰነጠቃል፣ ወይ ቡሎኑ ይበጠሳል፣ ወይ ለስላሳው የአልሙኒየም ጥርስ ከቡሎኑ ጋር ተልጦ ይወጣል።

በዚህ ላይ የእኛን አገር መንገድ ጨምሩበት። ከአዳማ ተነስቶ አዋሽን ተሻግሮ፣ በዴራ በኢተያ አድርጎ አሰላ የሚገባ መኪና ከ700 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። ሙሉ ጭኖ፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ። ማኒፎልዱ ፍም ይሆናል። ከዚያ አሰላ መናኸሪያ ይቆማል፣ የጭላሎ ብርድ ይመታዋል፣ ሌሊቱን በረዶ ሆኖ ያድራል። በማግስቱ እንደገና። እንዲህ ያለውን ግለትና ቅዝቃዜ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚያይ ቡሎን በመዳብ ሽቦ ይያዛል ብሎ ማሰብ ምን ይባላል? ሽቦው ቁልፍ ሲመታው የያዘ ይመስላል፣ የመጀመሪያው ዳገት ላይ ይለቃል፣ ሲለቅም የቀረችውን ጤነኛ ጥርስ ይዟት ይሄዳል። ተራ ኤፖክሲማ አብዛኛው 200 ዲግሪ ሳይደርስ ይለሰልሳል። ማኒፎልድ አጠገብ 200 ዲግሪ ምንም አይደለም።

አሁን ወደሚያስቆጣኝ ልምጣ። ሃይስ ላይ ሞተሩ የት ነው ያለው? ከጋቢናው መቀመጫ ሥር። ከማኒፎልዱ የሚያመልጠው ጭስ ወደ ኋላ በማርሚታው አይሄድም፤ በሞተሩ ክዳን ጠርዝ፣ በካምቢዮው ቀዳዳ አድርጎ እግርህ ሥር ይወጣል። የቤንዚን ሞተር ከሆነ ውስጡ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ፤ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ሲጣበቅ ከኦክስጅን 200 ጊዜ በላይ ይበረታል። ናፍጣ ከሆነ ሞኖክሳይዱ ያንሳል፣ ግን የናፍጣ ጭስ ካንሰር አምጪ መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2012 እ.ኤ.አ. አስታውቋል። አሰላ ደግሞ ከ2400 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ራሱ ሳስቷል፣ ደማችን ኦክስጅን የሚያባክንበት ትርፍ የለውም። እኛ ደግሞ መስኮት ሲከፈት «ነፋስ ይመታናል» ብለን የምንጮህ ሕዝብ ነን! ጋቢና የምትቀመጠው ብዙ ጊዜ ማን ናት? ሕፃን የታቀፈች እናት ናት፣ «እዚህ ይሻልሻል» ተብላ።

አንድ ሚኒባስ አይቻለሁ፣ ከስድስቱ ሁለት ቀዳዳ ባዶ፣ አንዱ ሽቦ የተጠመጠመበት። መስታወቱ ላይ የዓመቱ ቦሎ ተለጥፏል። ቦሎ አለው፣ ቡሎን የለውም።

የገበሬውንም እንርሳው አንበል። በኅዳርና በታኅሣሥ ከሔጦሳ እስከ ሌሙና ቢልቢሎ ኮምባይነር ስንዴ ውስጥ ሲዋኝ፣ ሞተሩ ዙሪያ የደረቀ ገለባና አቧራ ይከመራል። የብዙዎቹ ቴስታታ ጊዛ ስለሆነ ጥርሱ እንደ አልሙኒየም ቶሎ አያልቅም፤ ሲያልቅ ግን ሕክምናው ያው ሽቦ ነው። ከላላ ማኒፎልድ የሚተፋው ትኩስ ጭስና ፍንጣሪ ገለባ ላይ ሲያርፍ የሚሆነውን ላስረዳችሁ? የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ አጠገቡ ቆሟል።

እና መፍትሔው ምንድነው? ያለቀ ጥርስ በደንብ ከተሠራ ከፋብሪካው የአልሙኒየም ጥርስ ይልቅ ይጠነክራል። የእኔ ፉከራ አይደለም። ሄሊኮይል የሚባለው፣ ስፕሪንግ የሚመስል የማይዝግ ብረት ጥርስ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአውሮፕላን ሞተር አልሙኒየም ውስጥ ይገባ ነበር። ዛሬም ብዙ የፒስተን አውሮፕላን ሞተሮች የካንዴላ ቀዳዳቸው ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ይሄው ጥርስ አለበት። ሰማይ ላይ የታመነ ነገር ለቪትዝ አይበቃም የሚል ካለ ይምጣና እንነጋገር።

ለ8 ሚሊ በ1.25 ቡሎን አሠራሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ ይቀዝቅዝ። የጭስ መውጫው ቀዳዳ በጨርቅ ይደፈን፣ ፍቅፋቂ እንዳይገባበት። ያለቀው ቀዳዳ በ8.3 ሚሊ ፑንታ ይሰፋል፤ ፑንታው ላይ ቴፕ ጠቅልላችሁ ጥልቀቱን ምልክት አድርጉ፣ ምክንያቱም ከአንዳንዱ ቀዳዳ ጀርባ የውኃ መተላለፊያ አለ። ፑንታው ቀጥ ብሎ ይግባ። እጁን የማያምን ሰው ከብረት ቁራጭ መምሪያ ይሥራ፣ አያፍርም። ከዚያ ከኪቱ ጋር የመጣው ልዩ ታፕ (ተራው 10 ሚሊ ታፕ አይደለም፣ እባካችሁ)፣ በነጭ ጋዝ እየራሰ፣ ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደኋላ። ቀዳዳው በአየር ይጸዳል። ስፕሪንጉ በመክተቻው ይገባል፣ ከቴስታታው ፊት ሩብ ወይም ግማሽ ዙር ያህል ዝቅ ብሎ ይቆማል፣ ከታች ያለችው ምላስ ተሰብራ ትወጣለች። አለቀ። እጁ የለመደ ሰው ለአንድ ቀዳዳ ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም።

«ዝም ብሎ 10 ቡሎን ማስገባትስ?» ትሉኛላችሁ። ሲቸግር ይሆናል። ግን የማኒፎልዱን ቀዳዳ ማስፋት ሊኖርባችሁ ነው፣ የቡሎኑ ራስ ቧንቧውን ይነካል፣ ሁለተኛ ሲያልቅ ደግሞ የሚቆፈር አልሙኒየም አይተርፋችሁም።

«አሰላ ላይ ኪቱ የለም» የሚለው ሰበብ ደግሞ ለእኔ አይሠራም። ኪት ከሌለ ቶርኖ አለ። ከውጭ 12 ከውስጥ 8 ጥርስ ያላት የብረት ቦኮላ ማንም ቶርኖ ሠራተኛ ያወጣላችኋል፤ ዙሪያው በቂ ሥጋ ያለው ቀዳዳ ላይ ከስፕሪንጉ እኩል ትሠራለች። ይቺ ከተማ እኮ በ1967 እ.ኤ.አ. ካዱ በስዊድን ድጋፍ የተተከለባት፣ ለጭላሎ ገበሬ የእርሻ መሣሪያ ሲሠራና ሲፈተን የኖረባት፣ ዛሬም የእርሻ ምሕንድስና ምርምር ማዕከል ያላት ከተማ ናት። እዚህ አገር ላይ ቆሞ «የአንድ ቀዳዳ ጥርስ አይሠራም» ማለት ያሳፍራል።

ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ቴስታታ፣ ካቻቢቴ፣ ቃሉን ሁሉ ከጣልያን ተቀብለናል፣ ቶርክ ሬንቹን ግን የተቀበለው ጋራዥ ስንት ነው? ላዳን የሠሩት ሰዎች ማኒፎልዱን ከማርሚታው ቧንቧ ጋር የሚያስረውን ዳዶ ከነሐስ የሠሩት ለጌጥ አይደለም። ሙቀት ላይ እንዳይጣበቅ፣ ከተጣበቀም ዳዶው ተበልቶ ስታዱ እንዲተርፍ ነው። እኛ ያንን የነሐስ ዳዶ አውልቀን በተራ የብረት ዳዶ እንተካና «ጠነከረ» እንላለን።

ወደ ልጆቹ ልምጣ፣ ምክንያቱም ሁሉም ጥፋት እነሱ ላይ ሲደፈደፍ አልወድም። መኪናው ሥር የተኛው ረዳት ሞተሩ እየጋለ ነው የሚፈታው። ለምን? ባለመኪናው ቆሞ «ቶሎ በል፣ ተራዬ ደርሷል» ይለዋል። ዘይት ነክሮ ለማሳደር ጊዜ አይሰጠውም። ቡሎኑ ሲበጠስ ልጁ ይሰደባል። ኤክስትራክተር ይሰጡታል፣ እሱም ውስጥ ይሰበራል፣ እሱን ደግሞ ፑንታ አይበሳውም። ያኔ ሽቦውን የሚያመጣው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ አለቃው ነው እንጂ ልጁ አይደለም።

ኮሌጆቻችንም ከዚህ አያመልጡም። ልጁ ደረጃ ሦስትን ጨርሶ፣ ሲኦሲ አልፎ፣ የታፕ ዓይነቶችን ዘርዝሮ ይጽፍልሃል። ታፕ ሰብሮ ግን አያውቅም። ታፕ ያልሰበረ እጅ ታፕ ሊሰበር ሲል አይሰማውም። በየመጋዘኑ አሮጌ ቴስታታ ተቆልሎ ይዝጋል፤ «የመንግሥት ንብረት ነው» ተብሎ አይነካም። አንዱን አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ አድርጉና እያንዳንዱ ተማሪ ሁለት ቀዳዳ ያበላሽ፣ ሁለት ቀዳዳ ያድን። ይሄንን እንኳ ሚኒስቴር መፍቀድ አለበት?

አሁን የመኪና ባለቤቶች፣ ጋሼዎቼና እትዬዎቼ፣ ከእናንተ የምፈልገው ትንሽ ነው። ነገ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ክዳኑን ክፈቱ። ማኒፎልዱ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ቁጠሩ፣ ከዚያ ቡሎኖቹን ቁጠሩ። ጠርዙ ላይ ጥቁር ጥላሸት ካለ እዚያ ጋ ይተነፍሳል። ሞተሩን አስነሱና አድምጡ፤ ብርድ ላይ «ጠክ ጠክ» የሚል፣ ሲሞቅ የሚጠፋ ድምፅ ካለ «ቫልቭ ነው» ለሚላችሁ ቶሎ አትክፈሉ። ቪትዝ የያዛችሁ፣ ነዳጅ በዛብን የምትሉም እዩት፤ በቀዳዳው የሚገባው አየር ሴንሰሩን ያታልለውና ሞተሩ ያለ ጥፋቱ ቤንዚን ይጨምራል።

የጎደለ ካገኛችሁ መካኒካችሁን ጠይቁት፦ «በምን ነው የምትሠራው?» ሽቦ ወይም ኤፖክሲ ካለ ቁልፋችሁን ተቀበሉት። ቴስታታ ይቀየር ካለም ተቀበሉት። ሄሊኮይል ወይም ቦኮላ ካለ መኪናውን ለቀን ተዉለት፣ አጠገቡ ቆማችሁ «ቶሎ በል» አትበሉት፣ የጠየቀውንም ሳትከራከሩ ክፈሉት።