ያልተመረመረች ላም ዋጋዋ ስንት ነው?

የወተት ላም ገዢ ገበያ ሲወጣ የሚጠይቀው የታወቀ ነው፡፡ ስንት ወልዳለች? በቀን ስንት ሊትር ትታለባለች? ደላላውም ጡቷን እየዳበሰ፣ ጥርሷን እየገለጠ ያሳያል፡፡ «ሳንባ ነቀርሳ ተመርምራለች ወይ?» የሚል ገዢ ግን እምብዛም አይገጥምም፡፡

መጠየቅ ነበረበት፡፡ እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ካሉ የወተት ከብቶች መካከል 30 በመቶ ያህሉ በሽታው እንደተገኘባቸው፣ ከመንጋዎቹም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንዳልዳኑ አሳይቷል፡፡ በገጠር በግጦሽ በሚውለው የሀበሻ ከብት ላይ የሚገኘው መጠን ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው፡፡ የፈረንጅ ዘር ያለባት ላም ለበሽታው ይበልጥ ትጋለጣለች፤ በጠባብ በረት ተፋፍጋ መዋሏ ደግሞ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው፡፡ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ከብት ነው ይበልጥ የሚታመመው ማለት ነው፡፡

ችግሩ በመሐል አገር ብቻ ታጥሮ አይቀርም፡፡ ለክልል ከተሞች የወተት እርባታ የሚገዙ ዲቃላ ጊደሮች ብዙዎቹ የሚጫኑት ከዚሁ አካባቢ ነው፡፡ በሽታው ያለባት ላም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ወፍራና አምራ ልትታይ ትችላለች፡፡ የደላላ ዓይን አይለያትም፡፡

ሻጩን ብቻ መውቀስ አይገባም፡፡ ላሙ መታመሟን ቢያውቅ ካሳ የሚከፍለው የለም፡፡ ስለዚህ አለማወቅን ይመርጣል፤ ያወቀም ዝም ብሎ ይሸጣል፡፡ እንግሊዞች ይህን ቋጠሮ የፈቱት በገንዘብ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ ከበሽታው ነፃ መሆኑ ለተረጋገጠ መንጋ ወተት ጭማሪ ዋጋ ከፈሉ፤ በ1950 ግዴታ የሆነውን ምርመራና እርድ ከነካሳው በየአካባቢው ጀመሩ፤ በ1960 አገሩን በሙሉ አዳረሱ፡፡ እኛ ዛሬ ምላሽ የሰጠውን ከብት ሁሉ እንረድ ብንል የከተማው ወተት ይነጥፋል፡፡ የጭማሪ ዋጋውን መንገድ ለመጀመር ግን የመንግሥት በጀት መጠበቅ አያስፈልግም፡፡

ክትባቱስ? እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ፣ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ የተካሄደ ሙከራ፣ ለሕፃናት የሚሰጠው ቢሲጂ በመንጋ ውስጥ ሲሰጥ እስከ 89 በመቶ የሚደርስ ውጤት እንዳለው አሳይቷል፡፡ ደስ የሚል ዜና ነው፡፡ ነገር ግን ክትባቱ የታመመችውን አያድንም፤ የተከተበችውንም ከታመመችው የሚለይ ሌላ ዓይነት ምርመራ ይጠይቃል፡፡ ለዛሬ ገዢ «ላም አለኝ በሰማይ» ነው፡፡

እስከዚያው መፍትሔው በውሉ ላይ ነው፡፡ ገዢ ቀብድ ይክፈል፤ የእንስሳት ሐኪም አንገቷ ላይ ሁለት ቦታ መርፌ ይውጋ፤ ከ72 ሰዓት በኋላ የቆዳው እብጠት ተለክቶ ነፃ ከሆነች ቀሪው ይከፈል፤ ካልሆነች ቀብዱ ይመለስ፡፡ በቅርቡ ተመርምራ እንደሆነም ይጠየቅ፡፡ በሁለት ወር ውስጥ የሚደገም መርፌ የታመመችውን ጤነኛ ሊያስመስል ይችላልና፡፡ አዲስ የገባችዋም ተለይታ ትቆይና ትደገም፡፡ አንዷ ብታመልጥ በረቱን ሁሉ ትበክላለች፡፡

ደላሎች «ሦስት ቀን ጠብቁ ካላችሁ ገዢው ይሸሻል» ይላሉ፡፡ እውነት አላቸው፤ የዛሬው ገዢ ይሸሻል፡፡ ነገር ግን አንዴ በረቱ የተበከለበት ገዢ ወደዚያው ደላላ አይመለስም፡፡ ነፃ መንጋ ያለው ሻጭም ወረቀቱን ይዞ ዋጋ ቢጨምር ሊከፈለው ይገባል፡፡ ዛሬ ጤነኛዋም በሽተኛዋም በአንድ ዋጋ ስለሚሸጡ ንጹሕ በረት መያዝ ትርፍ የለውም፡፡

ወተት ጠጪውም ከዚህ ገበያ ውጪ አይደለም፡፡ በሽታው ባልፈላ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋል፡፡ ማፍላት ጠጪውን ያድነዋል፤ በረቱን ግን አያድንም፡፡ በረቱን የሚያድነው፣ ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ሦስት ቀን የሚታገሥ ገዢ ነው፡፡