ብርዱ ሲበረታ የሚጠፋው ቴርሞስታት እና የተረሳችው ሽቦ

ባለፈው የብርድ ወቅት፣ በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አንዲት የቤተሰባችን ወዳጅ በእኩለ ሌሊት ደወሉልኝ። በግድግዳቸው ላይ ያለው «ስማርት» ቴርሞስታት ጨልሟል፤ ማሞቂያውም ጸጥ ብሏል፤ የልጅ ልጃቸውን በሁለት ብርድ ልብስ ጠቅልለው ተቀምጠዋል። ከሁለት ሳምንት በፊትም ይኸው ደርሶባቸው ነበር። የመጣው ባለሙያ «መሣሪያው ተበላሽቷል» ብሎ በአዲስ ቀየረላቸው፤ አዲሱም ጠፋ። በማግስቱ ሄጄ ከግድግዳው ሳላቅቀው ሁለት ሽቦዎች ብቻ ተያይዘውበታል። ሦስተኛዋ፣ ሰማያዊዋ፣ ማንም ሳይነካት በቀዳዳው ውስጥ ተጠቅልላ ተቀምጣለች።

የነገሩ ሥር የቆየ ነው። በአሜሪካ ቤቶች የነበረው የድሮ ቴርሞስታት ከማብሪያና ማጥፊያ ያለፈ ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1953 ለገበያ የቀረበው ክቡ የሃኒዌል ቴርሞስታት፣ ሙቀት ሲለዋወጥ የሚጠመዘዝ የብረት ጥቅልልና በብርጭቆ ውስጥ የታሸገች የባዜቃ ጠብታ ነበሩት። ጠብታዋ ወደ አንድ ጎን ስትንከባለል ኤሌክትሪኩ መንገድ ያገኛል፤ ማሞቂያው ይነሣል። ቴርሞስታቱ ለራሱ ምንም ኃይል አይፈልግም። ስለዚህ ማሞቂያ ብቻ በነበራቸው ቤቶች ሁለት ሽቦ ይበቃ ነበር፦ ከማሞቂያው ትራንስፎርመር 24 ቮልት የሚያመጣው «አር»፣ ለማሞቂያው ትእዛዝ የሚያደርሰው «ደብልዩ»።

የዛሬው መሣሪያ ግን ስክሪንና ዋይፋይ ያለው ትንሽ ኮምፒውተር ነው፤ ሌሊትና ቀን ኃይል ይሻል። ኃይል ያለማቋረጥ እንዲያገኝ ደግሞ ኤሌክትሪኩ ወደ ትራንስፎርመሩ የሚመለስበት መንገድ ያስፈልጋል። ያ መንገድ «ሲ» ወይም ኮመን የሚባለው ሽቦ ነው። በብዙ አሮጌ ቤቶች ይህ ሽቦ አልተዘረጋም፤ ወይም ተዘርግቶ አልተያያዘም። መሐንዲሶች ለዚህ ያበጁት ዘዴ፣ ማሞቂያው በሚታዘዝበት መስመር ላይ ሪሌዩን የማይቀሰቅስ ጥቂት ኤሌክትሪክ እያሳለፉ ባትሪ መሙላት ነው። በሙያው ቋንቋ «ኃይል መስረቅ» ይባላል። ስሙን ያወጣንለት እኛው ነን፤ ሐሰትም አይደለም።

ዘዴው በለዘብተኛ ቀን ይሠራል። ማሞቂያው ሲታዘዝ ግን ቴርሞስታቱ ሁለቱን ሽቦዎች ያገናኛቸዋል፤ በመካከላቸው የቮልት ልዩነት አይኖርም፤ ለቅጽበት እያቋረጠ ከሚያገኘው በቀር የሚሰርቀው የለም። ብርዱ ሲጠና ማሞቂያው ለሰዓታት ይሠራል፤ ባትሪውም በዚያው ልክ ይራባል። ያችን እናት ሁለት ጊዜ ያስቸገራቸው ይኸው ነው፤ መሣሪያው የሚደክመው እጅግ በሚፈለግበት ሌሊት ነው። አብዝቶ ከሰረቀ ደግሞ ሪሌዩ ቀጭ ቀጭ እያለ ማሞቂያውን ያለ ትእዛዝ ይጎነትለዋል።

እ.ኤ.አ. በጥር 2016 በኔስት ቴርሞስታቶች ላይ የደረሰው መንስኤው ሌላ፣ የሶፍትዌር ስሕተት ነበር፤ ባትሪያቸው አልቆ ደንበኞችን በብርድ ላይ ጥሏቸዋል። የደከመው ቦታ ግን አንድ ነው፦ የቤት ሙቀት በአንዲት ትንሽ ባትሪ ላይ ተንጠልጥሏል።

በካርቶን ላይ «ተጨማሪ ሽቦ አያስፈልግም» የሚለው ጽሑፍ ቅር የሚያሰኘኝ ለዚህ ነው። በአንዳንድ ቤት፣ በአንዳንድ አየር እውነት ነው። አምራቾች ሽቦውን ግዴታ ብናደርገው ብዙ ሰው አይገዛም፣ ኃይል መቆጠቡም ይቀራል ይላሉ፤ ክርክሩ ክብደት አለው። ሆኖም አቅመ ደካማ ወይም ሕፃን ባለበት ቤት የሚገባ ዕቃ በምን ሁኔታ እንደሚከዳ ሊነገርለት ይገባል። መሣሪያውን በቅናሽ የሚያድሉት የኤሌክትሪክ ኩባንያዎችም የሽቦውን ዋጋ አብረው ቢደጉሙ ገንዘባቸው በከንቱ አይቀርም።

ስክሪኑ ሲጨልምብዎ አዲስ ከመግዛትዎ በፊት ቀላሉን ያስቀድሙ። ብሬከሩን ይዩ። ከማሞቂያው አጠገብ የመብራት ማብሪያ የሚመስል መቆጣጠሪያ አለ፤ ቤዝመንት ያጸዳ ሰው ሳያውቅ አጥፍቶት ይሆናል። የማሞቂያው መክደኛ በደንብ ካልገጠመ የበሩ ስዊች ኃይሉን ይቆርጣል፤ የፍሳሽ ውሃ የሚያጠራቅመው ሳህን ሲሞላም እንዲሁ የሚያደርግ ስዊች ያላቸው አሉ። በሰርኪት ቦርዱ ላይ እንደ መኪና ፊውዝ ያለ ባለ 3 ወይም ባለ 5 አምፒር ፊውዝ ይገኛል፤ ከተቃጠለ በዚያው መጠን ይቀየር እንጂ ከፍ ያለ አይግባበት።

ከዚያ በመልቲሜትር በ«አር» እና በ«ሲ» መካከል ይለኩ። 24 ቮልት ወይም ጥቂት ከፍ ያለ ከታየ የማሞቂያው ወገን ደኅና ነው። ምንም ከሌለ ችግሩ ከትራንስፎርመሩ፣ ከፊውዙ ወይም ከሽቦው ነው፤ አዲስ ቴርሞስታት አይፈውሰውም። ሽቦ ከመንቀል በፊት ብሬከሩ ይጥፋ፤ «አር» እና «ሲ» ከተነካኩ ፊውዙ ይሄዳል። ትርፍ ሽቦ ቢያገኙ ሌላኛው ጫፏም በማሞቂያው ቦርድ ላይ «ሲ» ከሚለው ቦታ መታሰር አለበት፤ ብዙዎች የሚረሱት ይህን ነው። ሽቦ ከሌለ ከግድግዳ ሶኬት የሚሰካ የ24 ቮልት ትራንስፎርመር ይሸጣል። ተከራይ ከሆኑ ለአከራይዎ «ቴርሞስታቱ ተበላሽቷል» ሳይሆን «የሲ ሽቦ ይታሰርልኝ» ብለው ይጻፉ።

ከግድግዳው የወጡት ሽቦዎች ወፋፍራም ከሆኑ ግን እጅዎን ይሰብስቡ። ያ 120 ወይም 240 ቮልት ሊሆን ይችላል፤ ይገድላል። በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ቴርሞስታቱ ራሱ የቤቱን ዋና ቮልት የሚቆጣጠርባቸው ቤቶች ስላሉ፣ እዚያ ያላችሁ ከኤሌክትሪክ ሠራተኛ ውጭ አትክፈቱት።

የሲልቨር ስፕሪንጓን ሰማያዊ ሽቦ በሁለቱም ጫፍ ለማሰር ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ፤ ስክሪኑ ከዚያ ወዲህ አልጨለመም። እርሳቸው ግን የሁለተኛውን መሣሪያ ደረሰኝ እስካሁን ከፍሪጁ በር ላይ አላነሡትም።