የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ አልጋ እስኪገኝ

የአእምሮ ሕመምተኛ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የሚከርመው ሕመሙ ስለከበደ ብቻ ሳይሆን ከዚያ ወዲያ የሚላክበት አልጋ ስለሚጠፋ ነው። የተሰበረ እግር በጀሶ ታስሮ ይወጣል። የታወከ ሰው ግን ማስታገሻ ተወግቶ ያንቀላፋል፤ ሲነቃም እዚያው ነው፤ አስታማሚውም ወለሉ ላይ ኩርምት ብሎ ይጠብቃል።

ይህ እትም ጉዳዩን ከሱዳኗ ገዳሪፍና ከኢትዮጵያና ሱዳን ድንበር አካባቢ ያየዋል። በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ከ50,000 በላይ ሰዎች በሐምዳይትና በሉግዲ በኩል ወደ ሱዳን ተሻገሩ፤ ብዙዎቹም በኡም ራኩባና በቱናይድባ መጠለያዎች ሰፈሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ግምት፣ ግጭት ባለበት አካባቢ 22 በመቶው ሕዝብ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ፣ የቲጃኒ አል ማሂ የአእምሮ ሆስፒታል የሚገኝባት ኦምዱርማን ራሷ የጦር ሜዳ ሆነች። ገዳሪፍ ደግሞ በተፈናቃይ ተጨናነቀች። በገላባት ወደ ኢትዮጵያዋ መተማ የተሻገረውም ቢሆን ስፔሻሊስት ለማግኘት እስከ ጎንደር መዝለቅ አለበት፤ ያ መንገድ ደግሞ ሰላም ርቆታል።

የአልጋ እጦት የዚህ ድንበር ችግር ብቻ አይደለም። የአሜሪካዋ ዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014፣ ቦታ ስለጠፋ ብቻ ያለፈቃዱ የተያዘን ሕመምተኛ በድንገተኛ ክፍል ማቆየት ሕገ ወጥ ነው ብሏል፤ ፍርድ አልጋ ባይሠራም።

ለድንበሩ የሚበጀው፣ የዓለም ጤና ድርጅትና የተመድ የስደተኞች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት መመሪያ መሠረት፣ ጠቅላላ ሐኪሞችንና ነርሶችን ለአእምሮ ሕክምና ማሠልጠን ነው። መድኃኒቱ ከተቋረጠ ግን ሕመምተኛው ተመልሶ ድንገተኛ ክፍል ይገባል።