የተቀባውን አትንኩ… ሒሳቡንስ?

የዛሬውን ጨዋታ በአንዲት እህት ልጀምር። ስሟን አልጠራም፤ የምትሄድበትንም ቤተ ክርስቲያን ስም አልጠራም። ገርጂ አካባቢ እንጀራ ጋግራ እያስረከበች ሦስት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። የዛሬ ስድስት ዓመት ገደማ ጉባኤው "ቦታ ገዝተን ከኪራይ አዳራሽ እንወጣለን" ተብሎ ቃል ሲገባ፣ እሷም የጆሮ ወርቋን ሸጣ ሰጠች። እያለቀሰች አይደለም፣ እየዘመረች!

ስድስት ዓመት አለፈ። ጉባኤው ዛሬም ኪራይ አዳራሽ ውስጥ ነው። የፓስተሩ መኪና ግን ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ወደ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብላ "ወንድሜ፣ ለቦታው ያዋጣነው ገንዘብ ከምን ደረሰ?" አለችው። መልሱ አጭር ነበር፦ "እህቴ፣ የእግዚአብሔርን የተቀባ አትንኪ፤ እርግማን ቤትሽ እንዳይገባ!"

ልብ በሉ፣ ማንንም አልነካችም። ስለ ሰው እንኳ አልጠየቀችም፤ የጠየቀችው ስለ ብር ነው። ከዚያ እሑድ ወዲህ ግን ቤተ ክርስቲያን አልሄደችም። "ጸሎቴን እቤቴ አደርሳለሁ፣ እርግማን ፈራሁ" ነው የምትለው። እኔን ያበሳጨኝ የመኪናው ነገር አይደለም። እግዚአብሔርን የምትወድ ሴት እግዚአብሔርን እንድትሸሽ መደረጓ ነው።

ይቺ "የተቀባውን አትንኩ" የምትል ነገር ከቦሌ እስከ ሲኤምሲ፣ ከሰሚት እስከ አያት ባሉ አዳራሾች ውስጥ የማትገባበት የለም። ሒሳብ ሲጠየቅ ትወጣለች። "ጌታ ተናግሮኛል" የተባለው ነገር ሳይፈጸም ሲቀር ትወጣለች። የፓስተሩ ሚስት ገንዘብ ያዥ፣ ወንድሙ ሽማግሌ ሲሆን ትወጣለች። እስቲ ዛሬ ከመጽሐፉ ውስጥ የት እንዳለች አብረን እንፈልጋት።

አንደኛው መዝሙር 105 ነው። እዚያ "የተቀቡ" የተባሉት አብርሃም፣ ይስሐቅና ያዕቆብ ናቸው፤ በቁጥር ጥቂት ሆነው ከአገር አገር የሚንከራተቱ መጻተኞች። "አትንኩ" የተባሉትስ? ነገሥታት! ማለትም ቃሉ ጉልበተኛው ደካማውን እንዳይነካ የተነገረ ነው። እኛ ገለበጥነው። ማይክ የያዘውን፣ ጠባቂ የሚያጅበውን ሰው ከእንጀራ ጋጋሪዋ ጥያቄ እንዲያስጥልልን አደረግነው። እንዲህ ያለ ግልባጭ ትርጓሜ ከየት ተማርነው ጎበዝ?

ሁለተኛው የዳዊትና የሳኦል ታሪክ ነው፣ 1ኛ ሳሙኤል 24። እውነት ነው፣ ዳዊት ዋሻው ውስጥ በተቀባው ላይ እጁን አላነሳም። ግን ታሪኩን እዚያ አናቁመው እንጂ! ከዋሻው ወጥቶ፣ ሦስት ሺህ ሰው አስከትሎ የመጣውን ንጉሥ ጮክ ብሎ ጠራው። የቆረጠውን የልብስ ጫፍ እንደ ደረሰኝ ከፍ አድርጎ አሳየው። ለምን ታሳድደኛለህ፣ እግዚአብሔር ይፍረድ አለው። አለመግደል ሌላ፣ አለመጠየቅ ሌላ። ዳዊት የመጀመሪያውን ጠበቀ እንጂ ሁለተኛውን ፈጽሞ አልተቀበለም።

ሦስተኛውን ደግሞ ማንም ሲሰብክበት ሰምቼ አላውቅም። ሳኦልንም ዳዊትንም የቀባው ራሱ ሳሙኤል ነው። ይህ ሰው ካረጀ በኋላ ሕዝቡን ሰብስቦ ምን አደረገ? በሬ ወስዶበት፣ አህያ ነድቶበት፣ ጉቦ በልቶበት እንደሆነ ያ ሰው በእግዚአብሔርና በተቀባው ንጉሥ ፊት እንዲመሰክርበት ጠየቀ (1ኛ ሳሙኤል 12)። ቀቢው ራሱ "መርምሩኝ" ካለ፣ ተቀባሁ ባዩ "አትመርምሩኝ" የሚልበት ድፍረት ከየት መጣ?

አዲስ ኪዳንም ቢሆን ያው ነው። ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተዋጣውን ገንዘብ ብቻውን ይዞ አልሄደም፤ ማንም እንዳይነቅፋቸው ብሎ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡትን ሰው ጨመረበት (2ኛ ቆሮንቶስ 8)። በዛሬ ቋንቋ ሁለት ፊርማ ማለት ነው። በሽማግሌ ላይ ክስ ሲመጣም "ዝም በሉ" አላለም። ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ይኑር፣ ጥፋቱ ከተረጋገጠ በሁሉ ፊት ይገሠጽ ነው ያለው (1ኛ ጢሞቴዎስ 5)። ሥርዓት አለው እኮ!

"ገመናችንን አደባባይ አታውጣ" የምትሉኝ አላችሁ፤ አውቃለሁ። እኔም አዳራሹ ሲሳቅበት ደስ አይለኝም። ግን ቤቱን ባለቤቱ ካልጠረገው ሌላ ሰው መጥረጊያ ይዞ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 የሩዋንዳ መንግሥት በሺዎች የሚቆጠሩ አብያተ ክርስቲያናትን ሲዘጋ ጥሩውንም መጥፎውንም አንድ ላይ ነው የመታው። እ.ኤ.አ. በ2023 ኬንያ ሻካሆላ ጫካ ውስጥ "ኢየሱስን ለማግኘት" በረሃብ እንዲሞቱ የተደረጉ ከ400 በላይ ሰዎች አስከሬን ተቆፍሮ ወጣ። የእኛ እዚያ ደርሷል አላልኩም። ግን ነገር በአንድ ቀን እዚያ አይደርስም፤ መጀመሪያ ሰው መጠየቅ ያቆማል።

እዚህ ላይ አንድ የሰፈራችንን ታሪክ ላንሳ። ከቦሌ መድኃኔዓለም በአትላስ በኩል ዑራኤል በእግር የሚደረስበት መንገድ ነው። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከዑራኤል መካነ ኢየሱስ የማታ አገልግሎት ሲወጡ ተወሰዱ፣ ተገደሉም። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ኔሬሬ ከአገር የሚወጡበትን መንገድ አመቻችተውላቸው ነበር፤ መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። ባለቤታቸው ወ/ሮ ፀሐይ ቶሎሳም ለዓመታት ታሰሩ። የእኒህ ሰው ቅባት የታወቀው "አትንኩኝ" በማለት አይደለም። ተነክተው ነው! ያኔ እረኛው ለመንጋው ዋጋ ከፈለ። ዛሬ እዚያው አጠገብ መንጋው ለእረኛው እየከፈለ ደረሰኝ መጠየቅ እርግማን ከሆነ፣ የት ጋ እንደጠፋን ለማወቅ ነቢይ አያስፈልገንም።

ሁሉን በአንድ ሙቀጫ እየወቀጥኩ አይደለም። በታክሲ ተጋፍተው የታመመ የሚጠይቁ፣ ደሞዛቸው ሳይደርስ የሚያገለግሉ እረኞች አሉ፤ ከእነሱ እጅ ነው ወንጌል የሰማሁት። ሒሳባቸውን በየዓመቱ አስመርምረው ለአባላት የሚያነቡም አሉ። ታማኝ እረኛ ከምርመራ የሚያጣው የለውም። እንዲያውም ሐሜትን የሚያስቆምለት እሱ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ገቢና ወጪው በዓመት አንዴ በውጭ መርማሪ ታይቶ ለጉባኤው ይነበብ። ካርታውም መኪናውም በቤተ ክርስቲያኒቱ ስም ይሁን። ገንዘብ ያዡ የፓስተሩ ዘመድ አይሁን። ቅሬታ ያለው አባል የሚሄድበት፣ ከፓስተሩ ውጭ የሆነ አካል ይኑር። በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የወንጌል አማኞች ካውንስልም ይህንን አባል ለሚሆኑት ሁሉ ግዴታ ቢያደርገው የማንም ቅባት አይጎድልም።

አንተም ወዳጄ፣ አንቺም እህቴ፣ በሚቀጥለው እሑድ መባችሁን ስትሰጡ በትሕትና ጠይቁ። "አትንኩ" ካሏችሁ 1ኛ ሳሙኤል 12ን ገልጣችሁ አሳዩአቸው። ያቺ የገርጂ እህት የጆሮ ወርቋ ላይመለስ ይችላል። እሷ ግን መመለስ አለባት።

ቸር ያሰንብተን።