በወርቅ ቤቱ ካሜራ የታየው ብርሃን

ከቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ በጥንት ዘመን የነበረው ሲኒማ ቤት ምን ተብሎ ይጠራ እንደ ነበር ታውቃላችሁ? «ሰይጣን ቤት» ነበር የተባለው። በጨለማ ክፍል ውስጥ፣ በነጭ ሸራ ላይ፣ ብርሃን ሰው ሆኖ ሲራመድ ያየ የአራዳ ሰው፣ ይህ ያለ ርኩስ መንፈስ ሊሆን አይችልም ብሎ ፈረደ። እኛም የልጅ ልጆቹ ይህን ስንሰማ እንስቃለን። ዳሩ ግን ሳቃችንን ጥቂት እናቆየው። ባለፈው ሰሞን ከዚያ ሥፍራ ብዙም ሳይርቅ፣ በፒያሳ በሚገኝ አንድ ወርቅ ቤት፣ ሰይጣን እንደ ገና ተከሶ ነበርና። ከእርሱም ጋር አንድ ሽማግሌ ዘበኛ አብረው ተከሰዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወርቅ ቤቱ ባለቤት፣ የማውቃቸው ወይዘሮ፣ በሱቃቸው ውስጥ የጥበቃ ካሜራ አሰቅለዋል። አንድ ቀን ጠዋት ሌሊቱን የተቀረጸውን ቢመለከቱ፣ እንደ ብርቱካን የከበበ ፈዛዛ ብርሃን ከካዝናው ፊት ተንሳፍፎ ሲያልፍ አዩ። በማግሥቱ ደግሞ እንደ ነጭ በትር የረዘመ ነገር ውልብ ብሎ ጠፋ። በሦስተኛው ሌሊት ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር የሚጠርግ ወጋገን ታየ። ጎረቤት ተጠራ፤ ጎረቤትም ለሁለት ተከፈለ። ከፊሉ «ቤቱ የጥንት ነው፤ ጠበል ይረጭበት» አለ። ከፊሉ ግን «መንፈስ ባትሪ አይዝም፤ ዘበኛው ይጠየቁ» አለ።

ወይዘሮዋም ጠየቁ። ካሜራው ከሦስተኛው ብርሃን ጋር የጻፈው ሰዓት 3፡10 ይላል። «አባባ፣ በሦስት ሰዓት የት ነበሩ?» ቢሏቸው፣ ሽማግሌው «እትዬ፣ ዳቦ ልገዛ ወረድ ብዬ ነበር፤ ሩብ ሰዓትም አልቆየሁ» ብለው መለሱ። ይህ እውነተኛ ቃል እንጀራቸውን ሊያሳጣቸው ጥቂት ነበር የቀረው።

እኔ የተጠራሁት በዚህ መካከል ነው። ካሜራ የሚተክል አንድ ወጣት ባለሙያም አብሮኝ ነበረ።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ካሜራው የእኛ ዓይን የማያየውን እንደሚያይ ማወቅ ያስፈልጋል። የሰው ዓይን የሚያየው የሞገዱ ርዝመት ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ የሆነውን ብርሃን ነው፤ አንድ ናኖሜትር ማለት ከሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ብርሃን ያገኘው ዊልያም ሄርሼል የተባለው የከዋክብት ተመራማሪ ነው። እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1800 ዓ.ም. የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ከፋፍሎ፣ ከቀዩ ቀለም ማዶ ምንም በማይታይበት ቦታ ቴርሞሜትር ቢያኖር፣ ሙቀቱ ከፍ ሲል አየ። ዛሬ ኢንፍራሬድ የምንለው እርሱን ነው። የጥበቃ ካሜራዎች በጨለማ የሚያዩት በዚሁ ነው፤ በሌንሱ ዙሪያ የተደረደሩት ትንንሽ መብራቶች ባብዛኛው 850 ወይም 940 ናኖሜትር የሆነ ብርሃን ይረጫሉ። ለእኛ ክፍሉ ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ ለካሜራው ግን ፋኖስ እንደ በራበት ቤት ነው። ልትፈትኑት ብትፈልጉ፣ የቴሌቪዥናችሁን ሪሞት ወደ ስልካችሁ ካሜራ አዙራችሁ ቁልፉን ተጫኑ። በብዙ ስልኮች ላይ የሪሞቱ ጫፍ ብልጭ ሲል ታያላችሁ።

እንግዲህ ያ ፋኖስ የተሰቀለው ከካሜራው ዓይን አጠገብ ነው። ከእርሱ 5 ሳንቲሜትር ርቃ የምትንሳፈፍ የአቧራ ቅንጣትና 5 ሜትር ርቆ ያለ ግድግዳ ቢነጻጸሩ፣ ቅንጣቷ መቶ ጊዜ ትቀርባለች። ብርሃን ደግሞ በርቀቱ ካሬ መጠን ስለሚሳሳ፣ በቅንጣቷ ላይ የሚያርፈው በግድግዳው ላይ ከሚያርፈው 10,000 ጊዜ ያህል ይበረታል። በዚያ ላይ ካሜራው የተስተካከለው ራቅ ያለውን ለማየት ስለ ሆነ፣ አፍንጫው ሥር ያለችውን ጥርት አድርጎ ሊያያት አይችልም። ነጥቧ ተዘርግታ ክብ ትሆናለች። ክብነቱም የቅንጣቷ መልክ አይደለም፤ የካሜራው ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ መልክ ነው እንጂ።

አቧራው ከየት መጣ እንዳትሉኝ። በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ የተነሣው ብናኝ በስንቱ መደርደሪያ ላይ እንዳረፈ፣ የአራዳ እናቶች ይመስክሩ። ወጣቱ ባለሙያ ግን በቃል አልረካም። መብራቱን አጥፍቶ፣ ከጎረቤት ያመጣውን አንድ ቁንጥር ዱቄት ከካሜራው ፊት እፍ አለው። አንድ መንፈስ ስንጠብቅ ሠራዊቱ በሙሉ መጣ! ወይዘሮዋ ሳያስቡት ማማተባቸውን ትተው ሳቁ።

በትሩስ? በሌሊት ካሜራው ብርሃን ለመሰብሰብ ሲል እያንዳንዱን ሥዕል እስከ 1/25 ሴኮንድ ድረስ ይቀርጻል። በሴኮንድ 2 ሜትር የምትበር የእሳት እራት በዚያች ቅጽበት 8 ሳንቲሜትር ትሄዳለች፤ ከሌንሱ አጠገብ ካለፈች መንገዷ ሁሉ እንደ አንድ ነጭ በትር ሆኖ ይታያል። በቻይና ጂሊን ክፍለ ሀገር በሚገኝ የመድኃኒት ፋብሪካም እንዲህ ያሉ በትሮች በጥበቃ ካሜራ ታይተው ብዙ ተወርቶባቸው ነበር። መረብ ቢዘረጋ ግን የተያዙት የእሳት እራቶችና ሌሎች ተራ ነፍሳት ብቻ መሆናቸው በ1997 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን ተነገረ። የእኛዋን አልያዝናትም፤ ክረምት ሲገባ አሸን በሚፈላበት አገር ግን ሌላ ተከሳሽ መፈለግ ምን ያደርጋል?

የቀረው ወጋገኑ ነው፤ የሽማግሌው ጉዳይ የተንጠለጠለው በዚህ ላይ ነበር። ወጣቱ የካሜራውን ሰዓት መረመረና «እትዬ፣ ይህ በእኛ አቆጣጠር አልተሞላም» አለ። ወይዘሮዋ በእኛ የተሞላ መስሏቸው ኖሯል። የካሜራው 3፡10 ማለት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ10 ነው! ዳቦው የተገዛው ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ በካሜራው ቁጥር 21 ሰዓት ላይ ሲሆን፣ በዚያ ሰዓት የተቀረጸው ጸጥ ያለ ክፍልና የተዘጋ በር ብቻ ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለ ቡና ቤት ባለቤት ደግሞ የራሱን ካሜራ እንድናይ ፈቀደልን። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ10 ላይ ሽማግሌው ጋቢያቸውን ተከናንበው ከሱቁ በር ተቀምጠዋል፤ አንድ መኪናም ከቁልቁለቱ ሲታጠፍ መብራቱ በሱቁ መዝጊያ ላይ ያልፋል። በመዝጊያው ስንጥቅ የገባው ያ ነበር።

በካሜራ የሚታይ ብርሃን ሁሉ አቧራ ነው ማለቴ ግን አይደለም። በየካቲት 2005 ዓ.ም. በሩሲያ ቼልያቢንስክ ሰማይ ላይ 20 ሜትር ያህል ስፋት ያለው የሕዋ ዐለት ሲፈነዳ፣ ከ1,000 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ በመስኮት ስባሪ፣ ቆስለዋል። ሊቃውንት የዐለቱን መንገድ ያሰሉት ከመኪናና ከጥበቃ ካሜራዎች በተገኘው ፊልም ነው። በነሐሴ 1999 ዓ.ም. ፔሩ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ፣ በሊማ የአንድ ዩኒቨርሲቲ የጥበቃ ካሜራ በሰማይ ላይ የብልጭታ ብርሃን ቀርጿል። ከተጨነቀው ዐለት የወጣ ነው የሚሉ አሉ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ተጋጭቶ ነው የሚሉም አሉ። በአገራችንም በጥር 2017 ዓ.ም. በደቡብ በኩል በሰማይ ላይ እየነደደ ያለፈውን ነገር ብዙ ሰው በስልኩ ቀርጾታል፤ የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲም የሕዋ ፍርስራሽ ወይም ተወርዋሪ ዐለት ሊሆን እንደሚችል ገልጾ ነበር። ልዩነቱን ልብ በሉ፤ የሰማዩን ነገር በየከተማው ያለ ካሜራ ያየዋል፣ የአቧራዋን ቅንጣት ግን አንዱ ካሜራ ብቻ ነው የሚያያት። ስለዚህ በቤታችሁ እንዲህ ያለ ነገር ቢታይ፣ ፊልሙ ሳይጠፋ ለብቻው አስቀምጡት፤ ካሜራው ቆይቶ በላዩ ላይ ሌላ ይቀርጽበታልና። ከዚያም ሰዓቱን አስተያዩ፣ ሌንሱን በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ፣ የሸረሪት ድርም ካለ አንሡ። በሌላ ማዕዘን ያለ ሁለተኛ ካሜራ አይቶት እንደ ሆነም መርምሩ።

ሽማግሌው ዛሬም በዚያው በር ላይ ናቸው። ወይዘሮዋ ይቅርታ ጠይቀዋቸዋል፤ የማታ ዳቧቸውንም ከዚያ ወዲህ የሱቁ ልጅ ያመጣላቸዋል። ጠበሉም ቢሆን ተረጭቷል፤ ስለ እርሱ እኔን የጠየቀኝ የለም።