ትርፉ በመዝገብ፣ ገንዘቡ በማሳ

ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ በምትገኘው ውርጌሳና በመሰሎቿ ከተሞች የክረምት ሸቀጥ በዱቤ ይሸጣል፤ ዕዳው የሚከፈለው ማሽላ ሲወቃ ነው። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ግን የደረጃ «ሀ» ነጋዴ ሽያጩን የሚመዘግበው ገንዘቡ ሲገባ ሳይሆን ሽያጩ ሲፈጸም ነው። ሰኔ 30 መዝገቡ ሲዘጋ ያልተሰበሰበው ዱቤም ገቢ ሆኖ ይቆጠራል፤ ግብሩ እስከ ጥቅምት 30 ሲከፈል ማሽላው ገና ከማሳ አልተሰበሰበም። አትራፊ የተባለው ባለሱቅ ግብሩን ለመክፈል ይበደራል ማለት ነው።

የማይመለስ ዕዳ ከገቢ እንዲቀነስ አዋጁ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ለማስመለስ ሕጋዊ እርምጃ መወሰዱን ይጠይቃል። ዱቤውን በቃል የሰጠ፣ ጎረቤቱንም መክሰስ የሚያሳፍረው ነጋዴ ይህን ማስረጃ ከየት ያመጣል? ዱቤን በፊርማ መመዝገብ እዚህ ላይ ዋጋ አለው።